የቀጣሪውና የምሩቁ መዝገብ አንድ ነው፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለዩኒቨርሲቲ ሙያ ማበልጸጊያ ማዕከል አስተባባሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር ስልኩ የጮኸው። ደዋይዋ ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነች። ሰኞ ጠዋት ለፈተና የሚቀርቡ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያዎች ያስፈልጓታል። አስተባባሪ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ሦስት ወሬ ስለነበር ጥሪውን እንደ ሎተሪ ቆጠርኩት፤ "ችግር የለም፣ ሰው ሞልቷል" አልኳት። ከዚያ የምሩቃን ዝርዝር የተባለውን ፋይል ከፍቼ መደወል ጀመርኩ። ግማሹ ስልክ ዝግ ነው። አንዱ ቁጥር የማላውቀው ሰው ሆኖ ተገኘ። ሌላውን ሐይቅ ከተማ የሚኖሩ አባት አነሡና "እሷማ አዲስ አበባ ከገባች ዓመት አልፏታል፤ ምነው ልጄ፣ ምን ሆነች?" ብለው ደነገጡብኝ። ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ የተገኙት ሁለት ልጆች ብቻ ሲሆኑ፣ አንደኛው የተመረቀው ጭራሽ በሌላ ሙያ ነው። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ዝም ብላ ዓመት ሙሉ ሳትደውል ቀረች።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን በኋላ የሰማሁት ነው። በዚያው ፋብሪካ ውስጥ የእኛው ምሩቅ የሆነ የፈረቃ ኃላፊ ነበር፤ አብረውት የተመረቁትን ሥራ ፈላጊዎች በሙሉ በቴሌግራም ቡድን ይዞ ተቀምጧል። የቀጣሪዎች ፋይላችን እሱን አያውቀውም፤ የምሩቃን ፋይላችን ደግሞ ፋብሪካውን አያውቀውም።

በብዙ ተቋማት ነገሩ እንዲሁ ነው። ከቀጣሪ ጋር የሚገናኘው አንድ ጠረጴዛ፣ ከቀድሞ ተማሪ ጋር የሚገናኘው ሌላ ጠረጴዛ ነው፤ አንዳንዴ ሁለተኛው ጭራሽ በሕዝብ ግንኙነት ሥር ተመድቦ ሌላ ሕንፃ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁለቱን ጠረጴዛዎች እንዴት እንደምታጋጥሙ ነው። ቅደም ተከተሉን ብትጠብቁ ይሻላል፤ እኔ ከኋላ ወደ ፊት ስለሠራሁት ያስከፈለኝን አውቃለሁ።

1. መሬቱን እወቁ

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም በሥራ ጠባያቸው ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ከደሴ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ስትወርዱ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ኮቱ ይወልቃል፤ የቀጣሪው ዓይነትም አብሮ ይለወጣል። ደሴ የመሥሪያ ቤት፣ የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት፣ የባንክና የንግድ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፦ በደርግ ዘመን የተተከለው ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው፣ የዱቄት ፋብሪካዎቹ፣ ደረቅ ወደቡ፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደሴ ላይ፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙ ኮምቦልቻ ላይ መሆኑም ከዚህ መልክ ጋር ይሄዳል።

እንግዲህ ቀጣሪዎቻችሁን በስም ከመዘርዘራችሁ በፊት "ማን ይቀጥራል?" ሳይሆን "የቅጥሩ ውሳኔ የት ይሰጣል?" ብላችሁ ለዩዋቸው። ደሴ ፒያሳ ያለ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የአብዛኞቹ ባንኮች ማስታወቂያ የሚወጣው ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ወይም ከዲስትሪክት ነው። እሱን ክፍት የሥራ ቦታ መጠየቅ ማሳቀቅ ነው። ይልቅ ለተመራቂዎች የሙከራ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት፤ ደስ ብሎት ይመጣል፣ ማስታወቂያ ሲወጣም ቀድሞ ይነግራችኋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በማስታወቂያና በፈተና ይቀጥራል፤ የእናንተ ድርሻ ማስታወቂያውን ሳያረጅ ማድረስና ለፈተናው ማዘጋጀት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ አትስጡ። የግል ነጋዴው የሚቀጥረው በሰው በሰው ነው። ማስታወቂያ ለጥፎ አያውቅም፤ እናንተም ካልሄዳችሁበት መኖራችሁን አያውቅም።

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ለተማሪዎች እውነቱን ንገሩ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ሥራ የማሽን ኦፕሬተርነት ነው፤ ዲግሪ የሚጠይቁት ቦታዎች፣ ማለትም የምርት መስመር ተቆጣጣሪ፣ የኢንዱስትሪ መሐንዲስ፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የሰው ኃይልና የመጋዘን ሥራዎች፣ ከጠቅላላው ጥቂት ናቸው። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 2022፣ ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ስትወጣ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎች እንዴት እንደተናወጡ የሚያስታውስ ሰው፣ የተማሪዎቹን ተስፋ በሙሉ በአንድ በር ላይ አያንጠለጥልም።

2. አንድ መዝገብ ክፈቱ

ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ረድፍ ድርጅት ሳይሆን ሰው እንዲሆን ማድረግ ነው። ፋብሪካ ስልክ አያነሣም፤ ስልክ የሚያነሣው ሰው ነው። ስለዚህ ረድፉ ላይ የሰውየው ስም፣ ድርጅቱ፣ የሥራ ድርሻው፣ ስልኩ፣ የእኛ ምሩቅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው፣ መጨረሻ የተነጋገራችሁበት ቀን፣ የጠየቀው ነገር ይስፈር። በስተመጨረሻ አንድ ዓምድ ጨምሩና "የገባንለት ቃል" በሉት። ከሁሉም በላይ የምትመለከቱት ይህን ዓምድ ይሁን።

ወሎ ውስጥ ስም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከአንድ ዓመት ተመራቂዎች መካከል ሰይድ መሐመድ የሚባሉ ሦስት ልጆች ብታገኙ አትገረሙ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉማ መሐመድ ብቻውን አራት ዓይነት ሆሄ ይዞ ይመጣል። አንዱን ለሥራ ጠቁማችሁ ሌላው ሲሄድ ያኔ ይገባችኋል። ስሙን እስከ አያት በአማርኛ፣ እንደ ዲግሪው ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል አስፍሩ፤ ከሁለቱም አጠገብ የተማሪነት መለያ ቁጥሩን ጻፉ። የምረቃ ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ያዙ። "የ2015 ምሩቅ" ሲባል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ባለመጠየቄ የሰባት ዓመት ልምድ ያለውን መሐንዲስ ለጀማሪ ቦታ ጠቁሜ አውቃለሁ፤ ሰውየው ጨዋ ስለነበር ሳቀ።

የመዝገቡን ቅጂ ከቢሮ ውጪ ያስቀምጡ የሚለው ምክር ሌላ አገር ላይ የኮምፒውተር ባለሙያ ወግ ሊመስል ይችላል። እዚህ አይደለም። በ2014 መግቢያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ተቋም ኮምፒውተሮች ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል፤ የብዙ ዓመት መዝገብ አብሮ ሄዷል። በየሳምንቱ አንድ ቅጂ በኢንተርኔት ማከማቻ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በኃላፊው እጅ ይሁን፤ ሁለቱም በይለፍ ቃል የተቆለፉ መሆን አለባቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስልክና ማስረጃ ያለ ፈቃዱ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ በሕግም ያስጠይቃል። ስለዚህ ከምሩቁ በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ፤ ቅጹ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ መረጃው ለምን እንደሚውልና ለማን እንደሚሰጥ።

3. ተማሪው ከግቢ ሳይወጣ ያዙት

ምሩቅን ከተበተነ በኋላ መፈለግ የወሮች ድካም ነው፤ በር ላይ መያዝ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በሩ ደግሞ ክሊራንስ ነው። ተመራቂው ቤተ መጻሕፍት፣ መኝታ ቤት፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል እየዞረ ፊርማ ሲለቅም አንድ ፊርማ የእናንተ እንዲሆን ከሬጅስትራር ጋር ተስማሙ። ሲመጣ አታስጨንቁት፤ ቅጹን "ሙላ" ብላችሁም አትስጡት፤ ራሳችሁ እየጠየቃችሁ ሙሉለት፤ ራሱ ሲሞላው ግማሹን ባዶ ይተወዋልና።

ስልኩን ስትጽፉ በደስታ የነገራችሁ ቁጥር ስድስት ወር እንደማይቆይ ገምቱ። ተማሪ ከግቢ ሲወጣ ሲም ካርድ ይለውጣል፤ ከ09 ወደ 07 ይሻገራል፤ ስልኩም ሊጠፋ ይችላል። "ቁጥርህ ቢጠፋብኝ ለማን ልደውል?" ብላችሁ የማይለወጥ የቤተሰብ ስልክ ያዙ፤ ያ ሰው ማን እንደሆነም ጻፉ። የሐይቁን አባት ያስደነገጥኳቸው ቁጥሩ የእሳቸው መሆኑን ማንም ስላልጻፈው ነው። ለቤተሰብ ስትደውሉ መጀመሪያ "ደኅና ናት፤ ለሥራ ጉዳይ ነው" በሉ።

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ በየዓመቱ ያላለፉ ተማሪዎች ይኖራሉ። ብዙ ማዕከል እነዚህን ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል። አታውጧቸው። ለፈተናው እንደገና መቀመጥ ይችላሉ፤ በዚያ መካከልም ሥራ ይፈልጋሉ። "ውጤት የሚጠብቅ" የሚል ምልክት አድርጋችሁ ያዟቸው፤ ለቀጣሪ ስትጠቁሟቸውም ሁኔታቸውን አትደብቁ።

ቀድሞ የተበተኑትን ለመሰብሰብ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ የሬጅስትራር መስኮት ነው፤ ምንም ያህል ከተቋሙ ቢርቅ፣ ምሩቅ የትራንስክሪፕት ጉዳይ ሲኖረው ተመልሶ ይመጣል። እዚያ መስኮት አጠገብ አንድ ቅጽና አንድ እስክሪብቶ በገመድ አስራችሁ አስቀምጡ። እስክሪብቶው ካልታሰረ በሁለተኛው ቀን አይገኝም። ሌላው የምረቃ ኮሚቴ ነው። ለምረቃ መጽሔት ገንዘብ የሰበሰበ ልጅ የዓመቱን ልጆች ሁሉ ያውቃል፤ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለም የሚለውን ዛሬም አይረሳም። የድሮ መጽሔቶችን ሰብስቡ፤ ከፎቶው ሥር ከተጻፈው የስንብት ቃል በስተቀር ሁሉም ነገር ይጠቅማችኋል።

4. ምሩቁን ሥራ ሳይሆን ወሬ ጠይቁት

መዝገቡ ሲሞላ የትኛው ድርጅት ውስጥ የእናንተ ሰው እንዳለ ይታያል። ብዙ አስተባባሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ምሩቁ ጋር ደውሎ "ልጆቻችንን አስቀጥርልን" ይለዋል። ሰውየው ገና ራሱ ቦታውን እያደላደለ ያለ ጀማሪ ሊሆን ይችላል። ይሸሻችኋል፤ ስልክም አያነሣም።

ወሬ ጠይቁት። ሰው የሚቀጠረው በዓመቱ በየትኛው ጊዜ ነው? ፈተናውን የሚያወጣው ማን ነው? ባለፈው የተፈተኑት በምን ወደቁ? እዚያ ቤት በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ፕሮግራም ነው የሚሠራው? ይህን መመለስ አያስቸግረውም፤ እንዲያውም ያኮራዋል። ከዚያ በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊዋን ስታገኙ ስለ ቤቷ የምታውቁት ነገር ይኖራል።

የአነጋገር ነገርም አለ። ከስምንት ዓመት በፊት "አንተ" ብላችሁ ያስተማራችሁት ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሰው ያስተዳድራል። በባልደረቦቹ ፊት ወይም በስልክ ስታናግሩት "ኢንጂነር፣ እንደምን ሰነበቱ?" በሉ። እሱ ራሱ "ኧረ መምህር፣ አንተ ይበሉኝ" ካለ ያኔ ይለወጣል።

5. የመጀመሪያ ጉብኝት

ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ማኅተም የሌለው ነገር ዘበኛው ጋ ይቀራል። ግን ደብዳቤ ብቻውን መዝገብ ቤት ገብቶ ይተኛል። ደብዳቤውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን ተቀበሉ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በቁጥሩ ጠይቁ። ዓርብን ተዉት፤ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የጁምዓ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜም ለሳምንት ማጠቃለያ የሚውል ነው። ፋብሪካ ከሆነ የፈረቃ ለውጥ ሰዓትን ሽሹ። ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ለእኔ ሠርተውልኛል።

ምን ትላላችሁ? እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ያላቸው ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ቁጭ እንዳልኩ "ሐጂ፣ ምሩቃን የመቅጠር ሐሳብ ይኖርዎት ይሆን?" አልኩ። ጥያቄው ራሱ ስህተት ነበር።

"ልጄ፣ እኔ ዲግሪ ምን ያደርግልኛል? ስንዴ ነው የምፈጨው" አሉኝ።

ደብተሬን ከድኜ ልነሣ ስል ቡና መጣ። ወሎ ውስጥ ቡና ከመጣ በኋላ የተነሣ ሰው ሁለተኛ አይጋበዝም። በአቦሉ ስለ ስንዴ ዋጋ አወራን። በቶናው ላይ ሐጂ ማማረር ጀመሩ። በየወሩ መጨረሻ የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያሳውቅላቸው ሰው ከደሴ እየተከፈለው ይመጣል፤ ባለፈው ወር ዘግይቶ ቅጣት አስወስኖባቸዋል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ሲበላሽ ወረቀቱን የሚያስተካክል የለም። መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሲታመም ሁሉም ነገር ይቆማል።

"ሐጂ፣ ይህን ሁሉ የሚይዝልዎት አንድ ሰው ቢኖርስ?"

"እሱማ ቢገኝ! ግን ልጄ፣ ዲግሪ ያለው ሰው ወፍጮ ቤት ይቀመጣል እንዴ?"

ዕንቅፋቱ ይህ ነበር። ሐጂ ዲግሪን የናቁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዲግሪው የሚንቃቸው መስሏቸው ነው። በሁለተኛው ሳምንት በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች፣ ቤተሰቦቿ ሐርቡ ያሉ ልጅ ወሰድኩላቸው። ሲቪዋን አላዩም። አንድ ወር ሙሉ የተከማቸ ደረሰኝ ከፊቷ አስቀመጡና "እስቲ ይህን" አሏት። እስከ አሥር ሰዓት ለይታ፣ ደምራ፣ የጎደሉትን ሦስት ደረሰኞች በስም ጠርታ አሳየቻቸው። "አብሽሪ" አሏት፤ ቅጥሩ ያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቀጣሪ ዘንድ "ክፍት ቦታ አለዎት?" ብዬ አልጀምርም። "በዚህ ወር ያስመረረዎት ሥራ የትኛው ነው?" እላለሁ። መልሱን ወደ ሙያ የመተርጎሙ ሥራ የእናንተ ነው፤ የቀጣሪው አይደለም። ስትወጡም አንድ ቃል ብቻ ገብታችሁ ውጡ፤ ትንሽ፣ ቀን የተቆረጠላት፣ የምትፈጽሟት ቃል። "እስከ ማክሰኞ የሁለት ሰው ስም እልክልዎታለሁ" ከሃያ ገጽ የመግባቢያ ሰነድ ይበልጣል። በነገራችን ላይ የመግባቢያ ሰነድ ጠልቼ አይደለም፤ ከተዋወቁ በኋላ ሲፈረም ይጠቅማል፤ ከመተዋወቅ በፊት ሲፈረም ግን የግድግዳ ፎቶ ሆኖ ይቀራል።

6. ጥያቄ ሲመጣ

የሐሙሱ ስልክ ዛሬ ቢደወልልኝ "ሰው ሞልቷል" አልልም። እስክሪብቶ አንሥቼ እጠይቃለሁ። ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራው ምንድን ነው? ስንት ሰው? ፈረቃው የሌሊት አለው? ከደሴ ለሚመላለስ ሠርቪስ አለ? የመጨረሻ ወሳኙ ማን ነው? ደመወዙስ? ማስታወቂያ ላይ "በስምምነት" ተብሎ የሚታለፈውን ነገር በስልክ ጠይቁት፤ ቁርጡን ባይነግሯችሁ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይነግሯችኋል። ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ የኪራይ ሒሳቡን ሳያውቅ ሄዶ በወሩ ቢመለስ፣ የሚጎዳው የማዕከሉ ስም ነው።

ዋስ ይጠየቃል ወይ የሚለውን አትርሱ። ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ ላይ ተያዥ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ልጁ ፈተናውን አልፎ ዋስ አጥቶ ሲቀር ማየት ያማል። ቀድሞ ካወቀ ዘመድ ይጠይቃል።

ለአንድ ቦታ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ሰው ላኩ። አርባ ስም መላክ ሥራውን መልሶ ቀጣሪው ላይ መጣል ነው። ለእያንዳንዱ ከመላካችሁ በፊት ደውሉና "ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ኮምቦልቻ መገኘት ትችላለህ?" በሉት፤ "እሞክራለሁ" ያለ አይመጣም። የሚስማማ ሰው ከሌላችሁ በዚያኑ ቀን ደውላችሁ የለኝም በሉ። ሴትዮዋን ያጣኋት ሰው ስላልነበረኝ አይደለም፤ አለኝ ብዬ ስለነበር ነው።

ቀጣሪውንም መመዘን አለባችሁ። ከሥራ ፈላጊ "የምዝገባ" ወይም "የሥልጠና" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ በመያዣነት የሚይዝ፣ ንግድ ፈቃዱን ለማሳየት የሚያንገራግር ከመዝገባችሁ ይውጣ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ "ስድስት ወር በሙከራ" የሚል ውል ያመጣ ምሩቅ ካለ አንቀጹን አሳዩት። የሌሊት ፈረቃ ላይ ሴት ምሩቃን ሲላኩ ማጓጓዣው እስከ ቤት በር መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ።

በመጨረሻም የእህቴን ልጅ፣ የጎረቤቴን ልጅ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ አንዳንዴም ከበላይ ይመጣል። መከላከያው የተጻፈ መስፈርት ነው። ለእያንዳንዱ ጥቆማ ለምን እነዚህ ሦስቱ እንደተመረጡ በአንድ መስመር ጻፉ። አለቃ ሲጠይቅ ወረቀቱን ታሳያላችሁ፤ ክርክሩ ከእናንተ ጋር መሆኑ ይቀርና ከወረቀቱ ጋር ይሆናል።

7. የተግባር ልምምድና የሥራ ዐውደ ርዕይ

የተግባር ልምምድ ከሁሉም የሚሻል መግቢያ ነው፤ ቀጣሪው ልጁን ሳይቀጥር ያየዋል። ሠላሳ ተማሪ በአንድ ቀን ወደ አንድ ፋብሪካ አትላኩ፤ የሚቀበላቸው ሰው ስለማይኖር ጥግ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። እዚያ ያለ ምሩቅ ተቆጣጣሪያቸው እንዲሆን ጠይቁ። የደኅንነት ጫማ ማን እንደሚያቀርብ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስለ ዐውደ ርዕይ ብዙ አልጽፍም፤ ብዙ ማዕከል የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው የሚወድቀው። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቲሸርት፣ ንግግር፣ ከዚያ ሲቪ የተሞላ ካርቶን። ለመጀመሪያ ዓመት አንድ አዳራሽ፣ ስምንት ቀጣሪ፣ ቀጠሮ የተያዘላቸው ተማሪዎች ይበቃሉ። በየጠረጴዛው ከቀጣሪው ጎን እዚያ የሚሠራ ምሩቅ ይቀመጥ፤ ተማሪው ኃላፊውን ለመጠየቅ የሚፈራውን ጥያቄ እሱን ይጠይቀዋል። ቀኑን ከረመዳንና ከዐቢይ ጾም ማብቂያ ሳምንታት አርቁት። የግዥ ጥያቄውን ከሁለት ወር በፊት አስገቡ፤ ውሃና ወረቀት እንኳን በሳምንት አይገዛም። ጄኔሬተሩን በዋዜማው አስነሥታችሁ ሞክሩት።

8. ምሩቁ ከእናንተ ምን ያገኛል?

ሁልጊዜ የሚጠየቅ ሰው ይሰለቻል። መዋጮ ለመጠየቅ ብቻ የምትደውሉለት ምሩቅ ሦስተኛውን ጥሪ አያነሣም። መስጠት ከምትችሉት ትልቁ ነገር የወረቀት እገዛ ነው። ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው የወጪ መጋራት ግዴታ ሲጠናቀቅ በመሆኑ ብዙ አዲስ ምሩቅ በእጁ ያለው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፤ ቀጣሪው "ኦሪጅናል አምጣ" ሲለው ግራ ይጋባል። የአሠራሩን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት፤ ለቀጣሪውም የማረጋገጫ ደብዳቤ ቶሎ እንዲደርሰው ከሬጅስትራር ጋር ቀጠሮ ያዙ። በሁመራ ወይም በጅግጅጋ የሚሠራ ሰው ለአንድ ደብዳቤ ደሴ ድረስ እንዳይመላለስ ካደረጋችሁት ወዳጅ አፈራችሁ።

ሥራ ያላገኙት ይደበቃሉ። ቴሌግራም ቡድኑ ላይ የሚጽፉት የተቀጠሩት ናቸው፤ ያልተቀጠረው ዝም ይላል፣ ከዚያም ይወጣል። እነዚህን በግል ደውሉላቸው። ወደ ዓረብ አገር የሄዱትንም ከመዝገብ አትሰርዙ፤ ወሎ ውስጥ የሄደ ሰው ይመለሳል፤ ሲመለስም ሌላ ሙያና ሌላ ቋንቋ ይዞ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከዓረብኛ ተናጋሪ ገዢ ጋር የሚሠራ ላኪ ድርጅት ይህን ሰው ሊፈልገው ይችላል።

9. ተከታተሉ፣ አስረክቡ

ከቅጥር በኋላ ሦስት ጊዜ ደውሉ። በሁለተኛው ሳምንት ለምሩቁ፤ ሊያቋርጥ ካሰበ የሚያስበው ያኔ ነውና። በአሥረኛው ሳምንት ለቀጣሪው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ቤት የሙከራው ጊዜ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። በዓመቱ ለሁለቱም። "እንዴት ነው?" ከማለት ይልቅ "ሲመጣ ያልቻለው፣ እኛ ማስተማር የነበረብን ምንድን ነው?" በሉ፤ መልሱን ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አድርሱ። ሪፖርት ላይ ስንት ሰው ስብሰባ እንደተሳተፈ ሳይሆን ከአሥረኛው ሳምንት በኋላ ስንቱ ሥራው ላይ እንዳለ ጻፉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ "የገባንለት ቃል" የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቡ፤ ቀኑ ያለፈበት ካለ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

አስተባባሪነት ብዙ ጊዜ ለመምህር የሚሰጥ ተደራቢ ኃላፊነት ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ለትምህርት ልትሄዱ ወይም ልትቀየሩ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቀጣሪ የምትሰጡት ስልክ የቢሮው ይሁን፤ ሲም ካርዱ በተቋሙ ስም ይውጣ፤ የቴሌግራም ቻናሉም ባለቤት የቢሮው ስልክ ይሁን። እኔ በራሴ ቁጥር ስለሠራሁ ቦታውን ከለቀቅኩ በኋላም ዘንድሮ ድረስ ይደወልልኛል።

መዝገቡን በፍላሽ ሰጥቶ መሄድ ርክክብ አይባልም። ተተኪያችሁን አንድ ቀን ይዛችሁ ሐረጎን ውረዱ፤ በመዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ ስማቸው ከተጻፈው ሰዎች አምስቱን በአካል አስተዋውቁት፤ እሱ ያውራ፣ እናንተ ዝም በሉ። ሐጂን የመጨረሻ አድርጓቸው፤ በረካው ሳይጠጣ ስለማይለቁት ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።